አባቴ «አይ» ያለ ዕለት

ይህን ጽሑፍ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ገጠመኛቸውን ጽፈው የማነባቸው ሰዎች በረሃ ያቋረጡ፣ ከሞት አፋፍ የተመለሱ ናቸው። በእኔ ታሪክ ውስጥ ማንም አልሞተም። ጀልባዋም አልሰጠመችም፤ ውሃ ገባባት እንጂ። አንዲት ሙሽራ እስከ ጉልበቷ ራሰች፣ አንድ ሰው ሁለት ሌሊት ታሰረ፣ በቃ። ይህ ለሰው የሚነገር ነገር ነው ወይ? አንዷን ጓደኛዬን ብጠይቃት «እንዲህ ያለውማ በየቀኑ አለ» አለችኝ። ብዕር ያስነሣኝ ይኸው መልሷ ነው። በየቀኑ ካለማ ዝም ሊባል አይገባም።

ስሜ ሰልማ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ የይፋግ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ሥራ ፍለጋ ሱዳን ሄዳ አባቴን አገባች፤ እኔንም ኦምዱርማን ወለደችኝ። ከእሷ ጋር አማርኛ፣ ከእሱ ጋር ዐረብኛ እያወራሁ አደግሁ። ፊደል የቆጠርሁትም እዚያው የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ገባን። እናቴ አገሯ ገባች፤ እኔም ግማሽ አገሬ ገባሁ። አባቴ ግን ተሰደደ።

እኔ «አቡይ» ነው የምለው፤ በነሱ አነጋገር «አባቴ» ማለት ነው። ስሙ አወድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ግን አወድ ብሎ የጠራው የለም። ትልልቁ ሰው «ሱዳኑ» ይለዋል፤ ልጆች በሱዳን ዐረብኛ «ሰውዬ» እንደማለት «ዞል! ዞል!» እያሉ ይከተሉታል። ኦምዱርማን ሳለን በያጅ ነበር። የአውቶቡስ አካል፣ የግቢ በር፣ የውሃ ታንከር ይበይድ ነበር። ባሕር ዳር ከገባን በኋላ ግን ከዓመት በላይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እናቴ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ታኖረናለች፤ እሱ ቤት ውሎ ያልተበላሸውን የበራችንን ማጠፊያ ፈትቶ ይገጥማል።

ከትምህርት ስመለስ አብረን በየብየዳ ቤቱ እንዞር ነበር። እሱ ቆሞ ፈገግ ይላል፣ እኔ አወራለሁ።

«ሥራውን ያውቀዋል ብለሻል» አለኝ አንዱ ባለቤት። «ግን 'ልቀቅ' ስለው ቢይዝስ? 'ያዝ' ስለው ቢለቅስ?»

ሌላው ደግሞ «አንቺ አብረሽው ትውያለሽ?» ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀብኝ። እኔ ለሁሉም አንገቴን ደፍቼ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እወጣ ነበር። ሰው ማስቀየም አልወድም። ክፍል ውስጥም ፊት ተቀምጬ መምህሩ ሲናገር አንገቴን የምነቀንቅ ተማሪ ነኝ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አቶ መኳንንት የሚባሉ ሰው ተቀበሉን። ሐይቁ ዳር የብረት ጀልባዎች አሏቸው። በሥራ ቀን ወደ ገዳማቱ ጎብኚ ይወስዳሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ ያንሸራሽራሉ። «እስከ ጾመ ነቢያት መግቢያ ልየው» አሉኝ። «ከተግባባን ይቀጥላል፤ ካልተግባባን ግን እንዳትቀየሙኝ።» እናቴ ይህን ስነግራት አለቀሰች። አቡይ የሥራውን ቃላት እንደ ተማሪ ያጠና ጀመር። ቀዳዳ፣ ላሜራ፣ ግፋ፣ ቆይ፣ አለ፣ የለም። ራት ላይ ሽሮውን እያሳየ «ቀዳዳ የለም!» ሲል እናቴ ትን እስኪላት ትስቅ ነበር።

የነገሩ ቀን እሑድ ነው። ከክፍል ልጆች ጋር የቡድን ሥራ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ።

«ሰልማ፣ ነይ። ቶሎ ነይ» አለኝ በዐረብኛ። ከጀርባው ሰው ይጮኻል።

«አቡይ፣ ምን ሆነህ?»

«እኔ ምንም አልሆንሁ። ጀልባዋ ናት። የምለውን የሚሰማኝ አጣሁ።»

ባጃጅ ይዤ በረርሁ። ስደርስ የሐይቁ ዳር በሰርገኛ ተሞልቷል። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎኗ አዘንብላ ጭቃው ላይ ተጎትታለች፤ በላስቲክ አበባ እንዳጌጠች ከሆዷ ውሃ ይቀዳል። ሚዜዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሙሽራይቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቬሎዋን ጫፍ ትጨምቃለች። አቡይ መሐል ቆሟል። እስከ ወገቡ ርሷል፣ ማንም አጠገቡ የለም።

«አንቺ ነሽ ልጁ?» አሉኝ አቶ መኳንንት። «ነይ፣ አባትሽ የሠራውን እዪ! ሰው ሊያስፈጅብኝ ነበር!»

«ምን አደረገ?»

«ምን አደረገ ትለኛለች! ጠዋት ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲጎረጉር ነበር። ሙሽሮቹ ተሳፈሩ፤ ልናስወጣት ስንል እኔ ራሴ በአፌ ጠየቅሁት። 'ቀዳዳ አለ?' አልሁት። ይህችን ይህችንማ ይሰማል። 'አይ!' አለኝ። ደግሜ 'አለ ወይ?' አልሁት። 'አይ! አይ!' አለኝ፣ በጣቱ ጭምር እያሳየ። ይኸው፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል!»

«ሰምተናል» አሉ ሠራተኞቹ።

የሆነውን ወዲያው አወቅሁት።

«አቶ መኳንንት» አልሁ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሱዳን ዐረብኛ 'አይ' ማለት 'አዎ' ማለት ነው። 'አለ' ነው ያለዎት።»

ሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ባክሽ!» አለ አንድ ሚዜ፣ ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ። «ነገ ደግሞ 'እሺ' ማለት 'እምቢ' ነው በይን!»

«እውነቴን ነው። አዎ ሲሉ 'አይ' ነው የሚሉት።»

«እምቢ ሲሉስ?»

«ላ።»

«ላ?» አለና «ላ ላ ላ ላ» እያለ ትከሻውን ሰበቀ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር ሳቀ።

«አታላግጡ እስቲ፤ ልጅቱን አስጨርሷት» ያለች ሙሽራይቱ ብቻ ናት።

እኔም ጨረስሁ። ይህን ነገር ለአቡይ ስንት ጊዜ እንደነገርሁት፣ እሱም ሲረጋጋ «አዎ» እንደሚል፣ ሲደነግጥ ግን የሚወጣው የእናቱ ቋንቋ እንደሆነ ተናገርሁ። «እናንተ ስትደነግጡ በማን ቋንቋ ነው የምትጮኹት?» አልሁ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሁት፤ እያንዳንዱን ቃል ለሰዉ ተረጎምሁ።

«ከወለሉ ሥር የተከፈተ መገጣጠሚያ አገኘሁ» አለ አቡይ። «ቀዳዳ አለ? አለኝ። አዎ፣ አለ፣ ይኸው እዚህ ጋ ብዬ አሳየሁት። ኤሌክትሮድ ላመጣ ሮጥሁ። ስመለስ ሄደዋል። ውሃ ውስጥ ገብቼ ጮኽሁ። እነሱ የሸኘኋቸው መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙልኝ።»

ሙሽራይቱ አንገቷን ቀና አደረገች። የሙሽራው ቤተሰቦች ግን ፖሊስ ጠርተው ኖሮ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ታላቅየው ነገሩን ሰምቶ «ከልጁ ሌላ ዐረብኛ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሠራተኞቹ ተያዩ። ማንም አልመለሰም።

«እናቴ ታውቃለች» አልሁ።

«እናትሽማ ያው የናንተው ናት» አሉ አቶ መኳንንት። «እኔ ከሰርገኛ ጋር አልካሰስም። ስህተቱ የእሱ ነው፤ ውሰዱት። ሁለተኛ እዚህ እግሩን እንዳያሳርፍ!»

በቃ። የዓመት ልመናችን፣ የእናቴ እንባ፣ የራት ላይ ጥናቱ፣ ሁሉም እዚያ ጭቃ ላይ ቀረ።

ፖሊሶቹ አቡይን ወደ ፒካፑ ወሰዱት። አንድ እግሩን አንሥቶ ሊገባ ሲል ዞር አለና «ሰልማ፣ መነጽሬ ከቀዩ ባልዲ ሥር ነው፤ እንዳይረግጡት» አለኝ በዐረብኛ። ካለ መነጽር ቅርብ አይታየውም። እኔ ባልዲው የት እንዳለ ዐይኔን ሳንከራትት አንድ ሽማግሌ ጎንበስ አሉ። ቀዩን ባልዲ አነሡ። መነጽሩን በነጠላቸው ጠርገው አምጥተው ሰጡኝ።

እኒህ ሰው ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። የጀልባዎቹን ገመድ የሚፈቱና የሚያስሩ እሳቸው ናቸው። ዘወትር ከአቡይ አጠገብ ነው የሚሠሩት። መነጽሩን ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ካልሁ በኋላ ነው የነቃሁት።

«ጋሽ ይርዳው» አልሁ። «መነጽሩ የት እንዳለ ማን ነገረዎ?»

«ምን?»

«አቡይ በዐረብኛ ነው የተናገረው። እኔ ገና አልተረጎምሁትም።»

ግራ ቀኝ አዩ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ በዐረብኛ፣ ያውም ልክ እንደ አቡይ ባለ የሱዳን ዐረብኛ፣ «ያ ቢቲ፣ ኡስኩቲ» አሉኝ። ልጄ፣ ዝም በይ ማለት ነው። እንደገናም በዐረብኛ፣ «ልጆች አሉኝ። ሰምቼ ዝም አልሁ ብል እኔ ነኝ የምታሰረው። አባትሽን እንግዳ ነው ብለው ይለቁታል» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኒህን ሰው አሁንም አንቱ እያልሁ የምጽፈው እናቴ ስላሳደገችኝ ነው። አቡይ እዚያ ሥራ ከገባ ጀምሮ አብሮት የሚያወራ ሰው አልነበረውም። ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይስቃል። አጠገቡ ቋንቋውን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ አንድም ቀን «እንዴት አደርህ» አላለውም። ያ ቋንቋ ከአፋቸው የወጣው እኔን ዝም ለማሰኘት ብቻ ነው።

በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጮኽሁ።

«ጋሽ ይርዳው ዐረብኛ ያውቃሉ! አባቴ ያለውን ሰምተዋል! አሁን በዐረብኛ ዝም በይ አሉኝ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ይርዳው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ኧረ እኔ ዐረብኛ ከየት አባቴ! ልጅቱ አባቷ ሲያዝ ጨርቋን ጣለች።»

«መነጽሩንስ? መነጽሩን እንዴት አወቁ?»

«ሲያስቀምጠው አይቼው ነዋ።»

«ሽማግሌ ትዘልፊያለሽ?» አሉ አቶ መኳንንት። «ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ይህንን ነው?»

«እርስዎ ጀልባዋን ጎንበስ ብለው ማየት አቅቶዎት በአንዲት ቃል ሰው ያስፈርዳሉ!» አልሁ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ፖሊሱ «ጣቢያ መጥተሽ ትናገሪያለሽ» ብሎ በሩን ዘጋ። አቡይ ከመስኮቱ ጀርባ ጋሽ ይርዳውን ትኩር ብሎ ያያቸው ነበር። ፒካፑ አጠገባችን ስለቆመ ዐረብኛቸውን ሰምቷል።

ሰኞን ጣቢያው በር ላይ ዋልን። እናቴ ምግብ ታቀብላለች፣ እኔ ለመጣው ፖሊስ ሁሉ «አይ ማለት አዎ ነው» እያልሁ እናገራለሁ። አንዱ «የኔ እኅት፣ ይህን ነገር ባትደጋግሚው ይሻልሻል፤ ሰው ይስቅብሻል» ብሎ መከረኝ። የመከረኝ በቅንነት ነው። ይበልጥ ያቃጠለኝም ቅንነቱ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ያልጠበቅናት ሰው መጣች፤ ሙሽራይቱ። ስሜ አይነሣ ስላለችኝ አልጽፈውም። ከሙሽራው ጋር ገብታ ክሱን እንደማይፈልጉ ተናገረች። ስትወጣ ተከትያት ምን እንዳለች ጠየቅኋት።

«ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲጠራን አይቼዋለሁ» አለችኝ። «እኔ ነኝ መጀመሪያ እጄን ያወዛወዝሁለት። ሊያሰጥመን የፈለገ ሰው ልብሱን እያበሰበሰ አይጣራም። እሑድ ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ ግን ታውቂዋለሽ፣ ሙሽራ ምን ትናገራለች?»

አቡይ ተፈታ። ሥራው ግን የለም፤ ስሙም አልጸዳም። ሰፈር ውስጥ «ሰርገኛ ያሰጠመው ሱዳን» ሆኗል። ቤት ገብቶ የበራችንን ማጠፊያ ተመለከተው፤ አልነካውም።

ሐሙስ የኅዳር ሚካኤል ነበር። ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ይርዳው ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። በሩን ልዘጋባቸው ስል እናቴ «ሰልማ!» አለች። አስገባቻቸው፤ ወንበር ሰጠቻቸው። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«አቶ መኳንንት ልከውኝ ነው» አሉ። «ጀልባዋ እንደተቀደደች ናት። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጾም ሳይገባ የተያዘ ሰርግ አለ። ሌላ በያጅ ፈልገው አጡ። 'አወድ ይምጣ፤ አንተም ዐረብኛ የምታውቅ ከሆነ አስተርጉምለት' ብለውኛል።»

አያችሁ? አቶ መኳንንት የጮኽሁትን ሰምተዋል። አምነውኝም ኖሯል። ያመኑት ግን ሥራ ሲቸግራቸው ነው። ለዋሹት ሰው ቅጣታቸው አስተርጓሚ አድርጎ መሾም ሆነ።

ለአቡይ ተረጎምሁለት። አቡይ አልተቆጣም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና በቀጥታ በዐረብኛ ጠየቃቸው። «ቋንቋችንን የት ተማርህ?»

«ገዳሪፍ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ሰሊጥ አጨዳ። ብዙ ክረምት ተመላልሻለሁ።»

«'አይ' ማለት 'አዎ' እንደሆነ ማን ነገረህ?»

«የመጀመሪያ ቀን ነው» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ጆንያ አሸክመውኝ 'ይጨመር?' አሉኝ። 'አይ' አልሁ። ጨመሩብኝ። 'አይ! አይ!' አልሁ። አሁንም ጨመሩ። ከነሸክሜ ወደቅሁ። የማሳው ዘበኛ አንሥቶ አስቀመጠኝና፣ ውሃ ሰጥቶኝ፣ 'ላ በል' አለኝ። ማታ ቤቱ ወስዶ ሌሎቹንም ቃላት ነገረኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ከበፊቱ የባሰ ነደድሁ። አለማወቅ ቢሆን ይቅር እል ነበር። እኒህ ሰው ያችን ቃል በጀርባቸው ተሸክመዋታል! እኒያ ዘበኛ ለእሳቸው ጎንበስ አሉ፤ እሳቸው ለአባቴ አንድ ቃል ነፈጉት።

«ለምን ዝም አሉ?» አልሁ በአማርኛ። «ሙሽራዋ ብትሞትስ?»

«ልናገር ነበር» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «አለቃዬ 'ፍታ' አሉኝ፣ ፈታሁ። ከፈታሁ በኋላማ ምን ብዬ ልናገር?»

አቡይ ትንሽ አሰበ። «ነገ እመጣለሁ» አላቸው። «የጠየቁኝ ቦታ ላይ፣ በዚያ ዕለት የነበሩት ሠራተኞች ባሉበት፣ የሰማኸውን በአማርኛ ተናገር። ከዚያ እበይዳለሁ። ካልተናገርህ ግን መነጽሬን አላወጣም።»

በነጋታው ጠዋት ከክፍል ቀርቼ አብሬው ሄድሁ። አቶ መኳንንት፣ ሠራተኞቹ፣ ከጎን ያሉት ባለ ጀልባዎችም ነበሩ። ጋሽ ይርዳው ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። አቡይ እቃውን ሳይፈታ ይጠብቃል። የማይናገሩ መስሎኝ ነበር።

«አወድ ያን ቀን ቀዳዳ አለ ብሏል» አሉ። «በደንብ ሰምቼዋለሁ። ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ልጅቱም ያለችው እውነት ነው።»

አንዱ ሠራተኛ «ኧረ ጋሼ!» አለ። አቶ መኳንንትን አየኋቸው። አንድ ቃል ለአባቴ የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። ሰዓታቸውን አዩና፣ «ጨረስህ? በሉ እንግዲህ፣ የነገው ሰርግ ደርሷል» አሉ።

ይቅርታ ያለ አንድም ሰው የለም። አቡይ መነጽሩን አደረገ፤ ወደ ጀልባዋ ሆድ ገባ።

የምታነቡኝ ወገኖቼ፣ ካስቀየምኋችሁ ይቅርታ፤ ግን ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል ጅዳ፣ ቤይሩት ወይም ገዳሪፍ የሄደ ዘመድ የሌለው ማነው? ያ ዘመዳችሁ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ላይ ምን እንዳሉት ሳይሰማ ቆሞ ሲስቅ አይታያችሁም? በስልክ ሲያለቅስላችሁ አብራችሁ ታለቅሳላችሁ። እናንተ ደጅ የቆመውን ግን «ዞል» ብላችሁ ትስቁበታላችሁ። እኔ እስከዚያ እሑድ ድረስ ዝምታን ጨዋነት አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን ጨዋ የሚባል ዝምታ ባየሁ ቁጥር ከኋላው የሚታሰር ሰው ይታየኛል። ክፍል ውስጥ አሁንም ፊት እቀመጣለሁ፤ ያላመንሁበትን ስሰማ ግን አንገቴን አልነቀንቅም። አንዳንድ መምህር ይህን አልወደደውም።

አቡይ ዛሬም እዚያው ይሠራል። ከጋሽ ይርዳው ጋር አንድ ሳህን ላይ ይበላሉ፤ በዐረብኛ ያወራሉ። እሱ ይቅር ብሏል። እኔ አላልሁም፤ ገና ነኝ። ነገሩ ግን እንደ ነገር ያለቀው በዚያ ዓርብ ጠዋት፣ የሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር 13 ቀን ነው።